የአሌክሳንድሪያው ጭቃ

የአረጋውያን ረዳት የሚልከው ኤጀንሲ አፀደን ሲልካት የነገራት አጭር ነበር። ሽማግሌው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጠዋት መድኃኒታቸውን ትሰጫለሽ፣ ገላቸውን ሲታጠቡ እንዳይወድቁ አጠገባቸው ትሆኛለሽ፣ ምሳቸውን አቅርበሽ ሰባት ሰዓት ላይ ትወጫለሽ። ስለ ጭቃ ያነሳላት ሰው አልነበረም።

አቶ እንግዳወርቅ የሚኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነው። ሚስታቸው ካረፉ አራት ዓመት አልፏል። በሥራ ዘመናቸው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርተዋል። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ምህረት ትባላለች፤ ፋርማሲስት ናት፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። አፀደ በመጀመሪያው ቀን ሳሎኑን ልታጸዳ ስትገባ መስኮቱ ሥር ስምንት የእርጎ ባልዲዎች ተደርድረው አገኘች። ሁሉም ጭቃ ሞልቶባቸዋል፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሽቦ ብቅ ብሏል። አንዱን አንስታ ወደ ቆሻሻ መጣያው ስታመራ ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «እሱን መልሺው» አሏት። አልተቆጡም። መለሰችው።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩን አስረዷት። ጭቃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ይበላሉ፤ ሲበሉ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይተርፋቸዋል። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ያን ትርፍ የሚያራግፉበት ይቸግራቸዋል። ከከሰል የተሠራ ጥቁር ጨርቅ ታች ከተቀበረላቸው ግን እሱ ላይ ያራግፉታል። ሌላ ጨርቅ ደግሞ ከላይ፣ አየር በሚያገኘው በኩል ይደረጋል። ሁለቱን ጨርቆች በሽቦ ያገናኟቸው እንደሆነ ኤሌክትሪኩ በሽቦው ይሄዳል። ትንሽ ነው፤ የስምንቱ ባልዲ ቢደመር አንድ ስልክ ቻርጅ አያደርግም። አፀደ፣ ታዲያ ምን ይጠቅማል ብላ ጠየቀቻቸው።

«ይሠራል» አሉ። «ማንም ሳያየው፣ ሌት ተቀን ይሠራል።»

አፀደ በሆዷ «እንደኔ» አለች።

እውነትም እንዲያ ነበረች። አሌክሳንድሪያ ከሚገኘው ቤቷ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ትነሳለች፤ የፖቶማክ ድልድይ ሳይጨናነቅ ለመሻገር ነው። እስከ ሰባት ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ትውላለች፤ ከዚያ ተመልሳ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትገባለች፤ እዚያ እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት አንሶላ ስታጥፍ ታመሻለች። ባሏ ዘገዬ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ቢመጣ ነው። በስልክ ሲያወሩ አንዳቸው ሳይጨርሱ ሌላኛው ይተኛል። የቀኝ ጉልበቷ ካበጠ ዓመት አልፎታል፤ ሐኪም ዘንድ የምትሄድበት ቀን ግን አላገኘችም።

ጠዋት ጠዋት ከመድኃኒቱ በኋላ የባልዲዎቹ ኤሌክትሪክ ልኬት ነበረ። የሽማግሌው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ የመለኪያውን ቀይና ጥቁር ጫፍ ሽቦዎቹ ላይ የምትይዘው አፀደ ናት። ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሳቸው በደብተራቸው ይጽፋሉ። ሦስት መቶ አሥር ሚሊቮልት። ሁለት መቶ ሰማንያ። የየባልዲው ጭቃ የመጣው ከልዩ ልዩ ሰፈር ነው፤ አንዱ ከበልትስቪል፣ አንዱ ፔትዎርዝ ካለ የወዳጃቸው ጓሮ፣ ሌላው ከሕንፃው በስተጀርባ ከሚወርደው ጅረት ዳር። የትኛው አፈር የተሻለ እንደሚሰጥ ማወቅ ነው የፈለጉት። በየሳምንቱ ዓርብ ላቦራቶሪው ውስጥ ያሠለጠኑት የድሮ ተማሪያቸው ዶክተር ዓምደሚካኤል ከሌላ ስቴት ይደውላል፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ያነቡለታል። አፀደ ከወጥ ቤት ሆና የምትሰማው የሽማግሌው ድምፅ በዚያች ግማሽ ሰዓት የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር፤ ጠንካራና ፈጣን።

ሰኔ ላይ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖሪ የለም ወይ፣ ከፖቶማክ ዳር አንድ ከረጢት ጭቃ አምጪልኝ አሏት። እሺ አለች። ዘጠኝ ዓመት አሌክሳንድሪያ ስትኖር ወንዙ ዳር ወርዳ አታውቅም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። በየጠዋቱ፣ «ረሳሽው?» ይሏታል፤ እሷም ነገ አመጣለሁ ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ሳትተኛ መጥታ መኪናዋን ከሕንፃው ጀርባ አቆመች። የሰጧት ባዶ ከረጢት ከጎኗ ወንበር ላይ ነበር። አየችው። ዛሬም ያንኑ ጥያቄ ልትመልስ አቅም አጣች። ከፓርኪንጉ ጥግ፣ ከግድግዳው ሥር ካለው የአበባ መደብ፣ ለምሳ በያዘችው ማንኪያ አፈር ዛቀችና ከረጢቱን ሞላችው።

«ከወንዙ ነው?» አሏት።

«አዎ ጋሼ፤ ከወንዙ ዳር ነው።»

ሌላ ምንም አልጠየቋት። ባልዲው ላይ «አሌክሳንድሪያ» ብለው ጻፉበት።

በአሥር ቀኑ ያ ባልዲ አራት መቶ ደረሰ፤ በሁለት ሳምንቱ ስድስት መቶ አሥር። አፀደ ቁጥሩን ስታነብ ሽማግሌው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ድገሚው አሏት፤ ደገመችው። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ሰምታ ስለማታውቅ መጀመሪያ ያመማቸው መስሏት ነበር። ዓምደሚካኤል በፖስታ ከጣት የማትበልጥ ሰሌዳ ላከላቸው፤ ትንሿን ኃይል አጠራቅማ መብራት የምታበራ ናት። ከዚያ ባልዲ ጋር ካያያዟት በኋላ ቀይ መብራቷ በየጥቂት ሰከንዱ ብልጭ ትል ጀመር። ሽማግሌው ለጸሎት ጓደኞቻቸው በስልክ ነገሩ፤ ለምህረት ነገሩ፤ ፖስታ ለሚያመጣው ሰውዬ ሳይቀር በር ላይ አቁመው አሳዩት። ሁሉም ሲጠይቃቸው፣ የአሌክሳንድሪያ ጭቃ ነው ይላሉ።

አፀደ ያኔ ብትናገር ቀላል ነበር። ይህን በኋላ ደጋግማ አስባዋለች። ግን ሰውየው ደስ ብሏቸው ነበር፣ እሷም ደክሟት ነበር፤ አፈር ደግሞ አፈር ነው ብላ ተወችው።

ሽማግሌው ግን አልተዉትም። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር እንዳልታየ ይቆጠራል ብለው፣ ከዚያው ቦታ ሌላ እንድታመጣላቸው ጠየቋት። አፀደ የበደለችውን የምታስተካክልበት መንገድ ይህ መሰላት። እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቀርታ ወንዙ ዳር ወረደች፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ከሸንበቆው መሐል እውነተኛ የፖቶማክ ጭቃ በሁለት ከረጢት ሞልታ ወጣች። ጉልበቷ ሁለት ቀን አላራምድ አላት። ሰኞ ጠዋት ከረጢቶቹን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ግን ቅልል ብሏት ነበር።

አዲሶቹ ሁለት ባልዲዎች በሁለት ሳምንታቸው ሁለት መቶ አርባና ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ ቆሙ። ሽማግሌው ጠበቁ። ውሃ ጨመሩ፤ ሽቦዎቹን ቀየሩ፤ ጨርቆቹን አውጥተው መልሰው ቀበሩ። ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ደብተራቸውን ከሰኔ ጀምሮ ገጽ በገጽ ያገላብጡ ጀመር። ከአንድ ቦታ የመጣ ጭቃ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንድ ዓይነት ካልሆነ የተሳሳተ ሰው አለ፤ ባልዲዎቹን የሞሉት እሳቸው፣ ስም የጻፉባቸው እሳቸው ናቸው። የበልትስቪሉን ከአሌክሳንድሪያው አቀያይሬው ይሆናል አሉ። አፀደ አልተቀያየረም አለቻቸው። «አንቺ በምን ታውቂያለሽ?» ሲሏት የመለኪያውን ሽቦ መጠቅለል ያዘች።

ከዚያ በኋላ በሁሉም ነገር ላይ ወረቀት መለጠፍ ያዙ። በመድኃኒቱ፣ በሻይ ቆርቆሮው፣ በማቀዝቀዣው በር ላይ። የወሰዱትን ኪኒን ወስጃለሁ ወይ ብለው ይጠይቋታል። ዓርብ ዓምደሚካኤል ሲደውል፣ ቁጥሮቹን ገና እያጣራሁ ነው ይሉትና ስልኩን ቶሎ ይዘጉታል። አንድ ጠዋት አፀደ ስትገባ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አድረው፣ ደብተሩ ጭናቸው ላይ ተከፍቶ አገኘቻቸው።

ምህረት ክፉ ልጅ አልነበረችም። በየቀኑ ትደውላለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ይዛ ትመጣለች። በጋው መጀመሪያ ላይ ምድጃ ሳያጠፉ ወጥተው ስለነበር ከዚያ ወዲህ ስጋት ነበራት። አባቷ ራሳቸው ነገር እየጠፋብኝ ነው ሲሏት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። የማስታወስ ምርመራ ነበር፤ የሰዓት ሥዕል ሳሉ አሏቸው፤ አምስት ቃል ሰጥተው መልሱ አሏቸው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አላዩም ነበርና ሁለቱን ብቻ መለሱ። ከዚያ ምህረት አሌክሳንድሪያ ከቤቷ አጠገብ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ጠየቀች፤ ክፍል ተገኘ፤ በጥቅምት መጨረሻ ሊገቡ ተወሰነ። አፀደ ሽማግሌው እምቢ ይላሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እምቢ አላሉም።

«አሥራ አንድ ባልዲ መለየት ያቃተው ሰው ምድጃ አጠገብ መኖር የለበትም» አሉ።

ያን ዕለት ማታ ከሆቴሉ ስትወጣ ለዘገዬ ኮል አደረገችለት። እሱ አንድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሊተኛ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እሱም፣ ብትናገሪ ሥራሽን ታጫለሽ፣ ሰውየው ደግሞ አርጅተዋል፣ ምናልባት አንቺ ባትዋሺም እዚያው ይደርሱ ነበር አላት። ይህ የመጨረሻው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ምድጃውን ረስተው የወጡት ከጭቃው በፊት ነው። አፀደ በዚህ ሐሳብ ሦስት ቀን ተጽናናች፤ በአራተኛው ቀን ማጽናናቱን አቆመ።

ምህረት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሐሙስ ረፋድ ላይ ባዶ ካርቶኖች ይዛ መጣች። መኝታ ቤት ገብታ የአባቷን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ሽማግሌው ሳሎን ተቀምጠው ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱና አፀደን ጠሯት። አዲሱ ቤት ጭቃ አያስገቡም፤ ወስደሽ ውጪ ድፊያቸው አሏት። መብራቷ የተያያዘችበትን ባልዲ መጀመሪያ አነሳች፤ እሱ ነበር የቀረባት። ከባድ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ የአሌክሳንድሪያ አይደለም።»

«የቱ?»

«ይሄ የመጀመሪያው። ከወንዙ አላመጣሁትም። እዚሁ ሕንፃው ጀርባ ካለው የአበባ መደብ ነው የዛቅሁት። ደክሞኝ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ያመጣሁት ነው ከወንዙ።» ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «እርስዎ አልተሳሳቱም። አንድም ቀን አልተሳሳቱም።»

መኝታ ቤት ውስጥ የካርቶኑ ድምፅ ቆመ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሰባት ሳምንት ነው» አሉ። «ሰባት ሳምንት ሙሉ ራሴን ስጠረጥር እፊቴ ቆመሽ ቁጥር ታነቢልኝ ነበር።»

«አዎ ጋሼ።»

ልትል ያሰበችው ይቅርታ ነበር፤ ግን ከዚያ ቁጥር አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ሆኖ ታያት። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ፈለጉ።

«ቦታውን አሳዪኝ።»

በአሳንሰሩ ወረዱ። ምህረትም ተከተለቻቸው። አፀደ ከግድግዳው ሥር የዛቀችበትን ጥግ አሳየቻቸው፤ ጎድጓዳው አሁንም ይታያል። ሽማግሌው በምርኩዛቸው ጫፍ ቆፍረው አፈሩን አገላበጡት። ጥቁር ነበር፤ ይሸታል። ቀና ብለው ሲያዩ የሕንፃው አየር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚወርድበት ቱቦ ከጥጉ በላይ ነው፤ በጋውን ሙሉ ሲንጠባጠብበት ከርሟል። ያለፈው ዓመት ቅጠል ሳይጠረግ እዚያው በስብሷል። አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ መጣች፤ ውሻው እንደለመደው ሊሸና ወደዚያው ጥግ ገመዱን ሲስብ ሰዎቹን አይታ መለሰችው። ሽማግሌው ውሻውን ተመለከቱ፣ አፈሩን ተመለከቱ።

«ገባኝ» አሉ፤ ለማንም አልነበረም። «ውሃ አለው፣ የሚበላ አለው። ለምን አይሠራ?»

አፀደ ፊታቸው ላይ ይቅርታ ፈለገች፤ አላገኘችም። ያገኘችው ሌላ ነገር ነበር። ዓርብ ዓርብ በስልክ ሲያወራ የምትሰማው ያ ጠንካራና ፈጣን ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ ነበር።

ወደ ላይ ሲመለሱ ምህረት አፀደን ወጥ ቤት ጠራቻት። አልጮኸችም። ፋዘር አእምሮው እየሄደ ነው ብዬ ሌሊት ሌሊት ሳለቅስ ነበር አለቻት። ከዚያ፣

«ስለ አፈር ከዋሸሽ፣ ስለ መድኃኒቱስ በምን ልመንሽ?» አለች።

አፀደ አንድም ቀን ኪኒን አላሳለፈችም፤ ግን ይህን እንዲያምኗት የሚያደርግ ነገር እጇ ላይ እንዳልቀረ አወቀች። ምህረት እዚያው ፊት ለፊቷ ለኤጀንሲው ደወለች። አፀደ ምሳውን አሙቃ አቀረበች፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ሽማግሌው ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው ስለነበር ደህና ዋሉ ስትላቸው ቀና አላሉም።

ኤጀንሲው ሦስት ሳምንት ያህል ሥራ አልሰጣትም። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ተኛች። ስትነቃ ፀሐይ ገብቶ ያገኛታል፤ ደስ ሊላት ሲገባ ልክ የሆነ ሰው ጠብቋት እንደቀረች ትደነግጣለች። በሁለተኛው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄዳ ጉልበቷን ታየች፤ ውሃ ቋጥሯል፣ አትቁሚ አላት። ሆቴሉ ውስጥ ተቀምጦ የሚታጠፍ አንሶላ የለም። ከዚያ ኤጀንሲው እዚያው አሌክሳንድሪያ አንዲት አሮጊት ሰጣት፤ ከሕመም በኋላ መናገር ያቆሙ ናቸው። ድልድዩን መሻገር ቀረላት። አንድ ሰዓት ተኩል እንቅልፍ አተረፈች።

የሽማግሌውን ወሬ የሰማችው ታኅሣሥ ላይ ከራሷ ከምህረት ነው፤ ሱቅ ውስጥ ድንገት ተገናኙ። ምህረት ሰላምታዋን አልከለከለቻትም። የአረጋውያን መኖሪያው ለጊዜው ቀርቷል። ምርመራው ተደግሟል፤ ይህኛው ደህና ተኝተው፣ በአማርኛ አስተርጓሚ ነበር። ጥቂት መርሳት አለባቸው፤ እየባሰ ሊሄድ ይችላል፣ ላይሄድም ይችላል። ምድጃው ላይ ራሱን የሚያጠፋ ነገር ተገጥሟል። አዲሷ ረዳት ጭቃ አልነካም ስላለች ሽማግሌው መለኪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ራሳቸው ያነባሉ፤ አንድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። አፀደ፣ ስለ እኔ ይጠይቃሉ ወይ አላለችም። ምህረትም አልነገረቻትም። ከተሰነባበቱ በኋላ ግን ምህረት መለስ ብላ፣ «መናገርሽ ጥሩ ነው የሆነው» አለች፤ ፈገግታ አልነበረበትም።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ቀን ከአሮጊቷ ቤት ወጥታ ሆቴሉ በር ላይ መኪናዋን አቁማ ሺፍቷን ስትጠብቅ ስልኳ ጠራ። አቶ እንግዳወርቅ ነበሩ። እንደምን ከረምሽ አላሉም።

«ዓምደሚካኤል ልኬቶቹን ለተማሪዎቹ ሊያስተምርባቸው ይፈልጋል» አሏት። «አፈሩን ማን እንደሰበሰበ ይጻፍ ብሏል። የአባትሽን ስም አላውቀውም።»

አፀደ ስሜ ባይገባ ይሻላል አለች። ያጠፋሁት ይበቃኛል አለች።

«ጥፋትሽም ይጻፋል። ደንቡ እንዲያ ነው። ሰብሳቢዋ መጀመሪያ የተናገረችው ቦታ ትክክል አልነበረም፤ በኋላ ራሷ አረመችው። ይህን ጽፌዋለሁ። የቀረኝ ስሙ ነው።»

አፀደ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«መርዕድ» አለች። «አፀደ መርዕድ።»

መርዕድ በዐይኑ ዕ ነው ወይስ በአልፋው እ ብለው ጠየቋት። እንደሚወዱት ይጻፉት አለቻቸው። አይሆንም፣ አንቺ እንደምትጽፊው ነው አሉ። ዐይኑ ዕ ነው አለቻቸው። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ቀስ ያለ ድምፅ ተሰማት፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስለሚጽፉ ብዙ ቆየ። ከዚያ፣ በይ ሥራሽን ሥሪ ብለው ዘጉ።

ሺፍቷ ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ስልኩ ላይ የሃያ ደቂቃ ደወል ሞላች፤ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛችና ዓይኗን ጨፈነች።